ሁለቱ ጋሎኖች ቆቦ ላይ ሲታረቁ

ከእንግሊዝ ጋር ጠብ የለኝም። ከአሜሪካም ጋር የለኝም። ሁለቱም ቆቦን አያውቋትም፣ እኔም ደጃቸው ሄጄ አስቸግሬያቸው አላውቅም፤ በየቤታችን ተከባብረን ነበር የምንኖረው። ዘንድሮ ግን በሁለቱ መካከል ገባሁና አንዴ የአንዷ፣ አንዴ የሌላዋ ጠበቃ ሆኜ ቆይቼ፣ በመጨረሻ በግ የከፈልኩት እኔ ሆንኩ። ይህን የማወራችሁ እንድታዝኑልኝ ነው። ትምህርት አገኝበታለሁ ብሎ የተቀመጠ ካለ ከወዲሁ ይነሳ፤ እኔ ራሴ ያገኘሁበት ነገር የለም።

ቆቦ ላይ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቅ አለችኝ። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን አሉኝ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠረጴዛ ያጣበቡ ሁለት ዕቃዎች አሉኝ ማለት ነው። በእኛ አገር ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሰው ያነሳውን ወረቀት ሁሉ ያውቀዋል ተብሎ ይታመናል። የመድኃኒት ብልቃጥ አምጥተው «ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ይሉኛል። የዲሽ ሪሞት ያመጡልኛል። አንዴማ አንድ ሰውዬ የደረት ራጁን ይዞ መጥቶ «ምን ይላል?» ብሎኛል፤ እኔም ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁለት። ለምን አየህለት እንዳትሉኝ። «አላውቅም» የሚባለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ ይለኛል። ሌላውን ሰው ጨጓራ ያመዋል፣ እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቄን ከፍቼ ወለሉ ላይ ውሃ ሳልረጭ፣ አያ ይማም መጡ። አያ ይማም ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ገባ ብሎ ባለው በእህቴ መንደር የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ከጉድጓድ የሚወጣውን ውሃ ለባለመሬቶቹ በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። እሳቸው «ተራህ ነው» ካሉህ አካፋህን ይዘህ ትወጣለህ፤ «ተራህ አይደለም» ካሉህ ሽንኩርትህ ዓይንህ እያየ ቢደርቅም ቦዩን አትነካም። በዚህ ጠዋት በእጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ሲፈቱት ከውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ የሚለጠፈው የብረት ጽሑፍ ነው። ከነብሎኑ ፈተው አምጥተውታል።

«አሮጌው ሞተር መሞቱን ሰምተሃል» አሉኝ። «ይኸ የአዲሱ ነው። አዲስ ስልህ ለእኛ ነው አዲስ፤ ሌላ ዘንድ ሲሠራ ኖሮ ነው የመጣ። አማርኛ አያውቅም። ተርጉምልን።»

«ቁጥር እኮ ነው አያ ይማም። ቁጥር አይተረጎምም።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

አራት መቶ ይላል። ከአራት መቶው ቀጥሎ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ፤ ጂ፣ ፒ፣ ኤም። በደቂቃ አራት መቶ ጋሎን ውሃ ይገፋል ማለት ነው። ይህንን ነገርኳቸው። እዚህ ላይ አፌን ይዤ ብቀር ኖሮ ዛሬ ሰው ነበርኩ።

«ጋሎኑን ተወው» አሉ። «የግብርናው ባለሙያ በሊትር ነው የነገረን። ለአንድ ባለመሬት በሰከንድ አንድ ሊትር ይበቃዋል ብሏል። ሃያ ሊትር ከወጣ ሃያ ሰው ይተክላል፣ ሠላሳ ከወጣ ሠላሳ ሰው ይተክላል። ከዚያ ያለፈው ማሽላውን ዘርቶ ጎርፉን ይጠብቅ። ቶሎ በልና ቁረጥልን፤ ሰዉ ችግኝ ይዞ ቆሟል።»

እህቴን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ብርቄ ትባላለች። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በዚያ ቦይ ላይ ሠላሳ ባለመሬቶች አሉ፤ እትዬ ብርቄ ሠላሳኛዋ ናት። መሬቷ ከቦዩ ጭራ ላይ ነው፤ ውሃ ሳይሆን የውሃ ወሬ የሚደርስበት። ባሏ ካረፈ ወዲህ የምትዘራው ማሽላ ብቻ ነው። ከተራራው ጎርፍ ከወረደ ትበላለች፤ ካልወረደ እኔ ዘንድ ትመጣለች። መጥታም አንዲት ቃል አትናገርም፣ መጥረጊያ አንስታ ሱቄን ትጠርግልኛለች። ዘንድሮ ግን አዲስ ሞተር መጣ ሲባል ጓሮዋ ውስጥ የሽንኩርት ችግኝ አፍልታ ነበር። ውሃው ይደርስሻል ከተባለች ማሳዋን ሙሉ ትተክላለች፤ አይደርስሽም ከተባለች ችግኙን ለጎረቤት ሰጥታ ወደ ማሽላዋ ትመለሳለች። አያ ይማም ፊቴ ቆመው ሲጠብቁኝ እኔ የማስበው ያንን መጥረጊያ ነበር።

ኢንተርኔት የለም። ከጠረጴዛዬ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ ከኋላው የልኬት ሠንጠረዥ አለበት። ጋሎን ብዬ ፈለግሁ። አንድ ጋሎን፣ አራት ነጥብ አምስት አራት ስድስት ሊትር። በአራት መቶ አባዛሁ፣ ለስልሳ ሰከንድ አካፈልኩ። ሠላሳ ነጥብ ሦስት መጣ። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ መታሁት፤ አሁንም ሠላሳ ነጥብ ሦስት።

«ሠላሳ!» ብዬ ጮህኩ። ባጃጅ የሚያጥቡት ልጆች ሳይቀሩ ዞር አሉ።

«ሠላሳ ብቻ?»

«ሠላሳ ነጥብ ሦስት።»

«ነጥብ ሦስቷ የማን ናት?»

«እሷማ ትርፍ ናት።»

«ትርፍ ከሆነች የውሃ አባት ናት» አሉና ብረታቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ደወለች። እልልታዋ ከስልኩ አልፎ መንገድ ተሻገረ። «አንተ ካልከው እንግዲህ ምን ቀረ፣ የኔ ጌታ! ነገ እተክላለሁ» አለችኝ። ተከለችም። ማሳዋን ሙሉ፣ አንዲት ትልም ሳታስተርፍ ተከለች። ሞተሩ ገና አልተነሳምና፣ ለመነሻ የሚሆናትን ውሃ ጎረቤቶቿ ተጋግዘው በአህያ አመጡላት። እኔም በዚያ ሰሞን ቆቦ ላይ ስሄድ ትንሽ ደረቴን ነፋ አድርጌ እንደነበር አልክድም። ምን ይደረግ፣ ውሃ ያወጣሁ ነበር የመሰለኝ።

ኢንተርኔቱ የተመለሰ ዕለት አቶ ጌታቸው ሱቄ ገቡ። አቶ ጌታቸው የዚያው ቦይ የመጀመሪያ ባለመሬት ናቸው፤ ማሳቸው ከሞተሩ አፍ ሥር ነው። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ለመሆኑ የየትኛውን አገር ጋሎን ነው የተጠቀምከው?» አሉኝ።

«ጋሎን አገር አለው እንዴ?»

አለው፣ ወገኖቼ። እኔ የማውቀው ጋሎን የቀለም ጋሎን ነው፤ ቀለሙ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፣ አገሩ ይህ ነው። ለካ የእንግሊዝ ጋሎን የሚባል አለ፤ ከአራት ሊትር ተኩል ትንሽ ያልፋል። የአሜሪካ ጋሎን የሚባል ደግሞ አለ፤ አራት ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ሦስት ነጥብ ሰባት ስምንት አምስት ነው። የኔ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝ ሰው ነው። የአቶ ጌታቸው ስልክ ደግሞ ከአሜሪካ ወገን ነው። በአሜሪካው ሠራሁት፤ ሃያ አምስት ሊትር መጣ፣ ከዚያም ነጥብ ሁለት።

«ሃያ አምስት ሰው» አሉ አቶ ጌታቸው። «የታችኞቹ አምስት ይወጣሉ። ለኔ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለእውነት ብዬ ነው።»

የምትወጣው መጀመሪያ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ሽንኩርቷ ሥር ሰድዶ ቀና ማለት ጀምሯል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ አጋነነ ትሉኛላችሁ፤ ትንሽ አጋንኛለሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። ወሬው በመንደሩ ተሰማና ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ የላይኞቹ የአሜሪካ፣ የታችኞቹ የእንግሊዝ ሆኑ። ውሃውን የሚሰጠው፣ ነገሩ እስኪያልቅ አይነሳ የተባለው ሞተር መሆኑ ተረሳ። ሁሉም ውሃውን የምሰጠው እኔ መሰልኩት። ከታች ያለች አንዲት እናት እንቁላል በሳር ጠቅልላ መጥታ «ስለ ወለዱህ ብለህ የእንግሊዙን አድርግልን» አለችኝ። እኔ ማድረግ እንደማልችል ባስረዳት ባስረዳት «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ጫና እንዳለብህ አውቃለሁ» ብላ እንቁላሉን ትታልኝ ሄደች። ከላይ ያሉት ደግሞ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱት ከእኔ አልፈው ሌላ ሰፈር ሄደው ሆነ። አንድ ሽማግሌ ገበያ ላይ እጄን ይዘው ጥግ ወሰዱኝና «ከእንግሊዙም የሚበልጥ ጋሎን ይጠፋል ብለህ ነው? የሩሲያውን አይተኸዋል?» አሉኝ። እኔም፣ ያ በሽታዬ ነውና፣ «አያለሁ» አልኳቸው።

መላው ቀላል ነው፣ ሞተሩ የማን አገር እንደሆነ ማወቅ ነው አልኩ። ብረቱ ላይ የፋብሪካው ስም ያለበት ጥግ ተፍቆ ጠፍቷል። ሞተሩን የሸጠላቸውን ነጋዴ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ።

«ሞተሩ የት ነው የተሠራው?»

«ከውጭ ነው የገባ፣ ወንድሜ።»

«ከየት ውጭ?»

«በዱባይ በኩል።»

«ዱባይ አልተሠራማ። እንግሊዝ ነው አሜሪካ?»

ትንሽ አሰበና «አንተ የትኛውን ነው የምትፈልግ?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ነገሩ ሲከር፣ አንዱ የሌላውን ቦይ በአካፋ ሊደፍን ሲነሳ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሸህ እንድሪስና ቄስ ሞላ በእኛ አገር ያልዳኙት ነገር የለም። የድንበር ጠብ ዳኝተዋል፣ ደም ያህል ነገር አብርደዋል፣ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ከሞተር ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሰዉ በግራና በቀኝ ሆነ። እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ የማሳዋ አፈር አለ። እኔን ለምስክርነት ነው የጠሩኝ ብዬ ጥግ ይዣለሁ።

«ባላጋራዎቹ የታሉ?» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«እንግሊዝና አሜሪካ ናቸው፤ አልመጡም፣ ሩቅ ናቸው» አሉ አያ ይማም።

«ሩቅ ያለ ሰው ወኪል ያቆማል እንጂ ነገሩ አይቀርም» አሉ ቄስ ሞላ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አቆሙኝ። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ለእንግሊዝ፣ ቀጥሎ በግራ በኩል ለአሜሪካ ሆኜ እንድናገር ተፈረደብኝ። በቀኝ ቆሜ «የኔ ጋሎን አራት ሊትር ተኩል ናት» አልኩ። በግራ ዞሬ «የኔ አራትም አትሞላ» አልኩ።

«ምን ነካሽ፣ አሜሪካ?» አሉኝ ቄስ ሞላ በሐዘን። «አንቺ ሀብታም አገር አይደለሽም እንዴ? ስፍር ማሳነስ ምን ይሉታል?»

ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ተናገርኩ። «አባቴ፣ ጋሎኑ ድሮ የእንግሊዝ ነበር። አሜሪካ በአሮጌው ቀረች፤ እንግሊዝ ኋላ አሻሽላ ትልቁን አወጣች።»

ሸህ እንድሪስ ፊታቸው በራ። «አላሁ አክበር! እናትና ልጅ ናቸዋ! እኔ እኮ የማይተዋወቁ መስለውኝ ነው የፈራሁ። የአንድ ቤት ጠብ ከሆነማ ያልቃል።»

አለቀም። እንግሊዝ ከላይ ትንሽ ትውረድ፣ አሜሪካ ከታች ትንሽ ትውጣ፣ መሐል ላይ ይገናኙ ተባለ። በሁለቱም ወገን ሆኜ «እሺ» አልኩ። በዚህ ምድር ላይ ታይቶ የማይታወቅ አዲስ ጋሎን ተወለደ፤ አራት ሊትርና አንድ ጉንጭ የምታህል። «በል ቁረጥልን» አሉኝ፤ በስልኬ ቆረጥኩ። ሃያ ሰባት ነጥብ ሰባት ሊትር መጣ። ሁለት ሰው ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ ጉልበቱ። እትዬ ብርቄን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች።

ያን ጊዜ ሸህ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «እንግሊዝ ወረደች። አሜሪካ ወጣች። ሊትር ምን አደረገች?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«ሊትር የማን ናት?»

«የፈረንሳይ ናት ይባላል» አልኩ።

«ታዲያ እሷ ለዕርቁ ምን አዋጣች? ሁለቱ ሲቸገሩ እሷ ቁጭ ብላ ማየት ነው?»

ነገሩን ላስረዳ ተነሳሁ። ሊትር ልክ ናት፣ ልክ አይቀነስም ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ዘጋሁት። ሊትርም አንድ ሲኒ ያህል ከራሷ ላይ እንድትቀንስ ተወሰነ። በተቀነሰችው ሊትር ሳካፍለው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ልክ ሠላሳ ሆነ። ማንም አልወጣም። ዱዓ ተደረገ፣ በአባታችን ሆይ ተዘጋ፣ አሚን አሚን ተባለ። አቶ ጌታቸው ሳይቀሩ የታችኞቹን ሰዎች ጉንጭ ሳሙ። «ይህንን ነገር ዳግመኛ የቀሰቀሰ በግ ይክፈል» ተብሎ ታሰረ። እትዬ ብርቄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ ምክንያቴ ግን ትንሽ ይለይ ነበር።

ብረቱ ቦታው ላይ ተመልሶ ታሰረ፤ ሞተሩ ተነሳ። አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ውሃ መጣ። ሰዉ አጨበጨበ። ውሃው በአቶ ጌታቸው ማሳ በኩል እየዘለለ ገባ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የራያ ሜዳን አፈር ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ቦዩ ራሱ እንደ ባለመሬት ይጠጣል። ወደ ቦዩ አጋማሽ ሲደርስ ውሃው መዝለል ትቶ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መሄዱንም ትቶ ማዝገም ሆነ። የእትዬ ብርቄ ተራ በደረሰ ዕለት ከሱቄ ቀርቼ አብሬያት ከማሳዋ ጫፍ ቆምኩ። አካፋዋን ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች። ቆምን። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘነበለች። በመጨረሻ በቦዩ መሐል የሆነ ጥቁር ነገር እየተሳበ መጣ፤ ውሃ አይደለም፣ የአፈሩ እርጥበት ነው። ከማሳዋ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። አያ ይማም ከላይ «ተራሽ አልፏል!» ብለው ተጣሩ።

በንጋታው አንድ በርሜል በባጃጅ ጭኜ ሞተሩ አፍ ወሰድኩ። በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ሞላሁት፤ ደፋሁት፣ ደግሜ ሞላሁት። በሰከንድ የሚወጣው አሥራ ሦስት ሊትር ነው። የእንግሊዝ አይደለም፣ የአሜሪካም አይደለም፣ የተወለደው አዲሱ ጋሎንም አይደለም። ብረቱ ላይ ያለው አራት መቶ፣ ሞተሩ ጉልበት በነበረው ዘመን፣ ውሃው ቅርብ በሆነበት አገር የጻፈው ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ስለ ወጣትነቱ ያወራል። እኔ ደግሞ ያንን ወሬ ይዤ በሰከንድና በደቂቃ፣ በሊትርና በጋሎን ስገለብጠው ከረምኩ። በርሜሉን መጀመሪያውኑ አምጥቼ ብሆን ኖሮ አንድ ፊደል ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር። ራሴን በበርሜሉ መምታት አማረኝ።

እየሮጥኩ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። አያ ይማምም፣ አቶ ጌታቸውም ነበሩ። አሥራ ሦስት ነው አልኳቸው፤ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ሞልቼ።

«በርሜሉ ሽምግልናው ላይ ነበር?» አሉ ቄስ ሞላ።

«አልነበረም፣ አባቴ።»

«ባልነበረበት ምን ብሎ ይናገራል? እንግሊዝን የሚያህል አገር ሰምቶ የተቀበለውን በርሜል ያፈርሰዋል?»

«አባቴ፣ ውሃው የለም እኮ!»

«ልጄ» አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ሰውየው ደግ ናቸው፣ በእሳቸው አልፈርድም። «አሥራ ሦስት ካልን አሥራ ሰባት ሰው ይወጣል። ዛሬ ሠላሳውም ተራ አለው። ተራ ያለው ሰው አካፋ አያነሳም። አሥራ ሰባቱን አንተ ልትነግራቸው ነው?»

ወጥቼ አንዳንዶቹን ጠየቅኳቸው። አሥራ አራተኛውም፣ ሃያኛውም፣ ሃያ ስምንተኛውም አንድ ዓይነት ነገር ነው የመለሱልኝ፤ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሰናል፣ አንተ ብቻ ነገር አትቀስቅስ። ከተራው መውጣት የፈለገ አንድ ሰው አላገኘሁም። አቶ ጌታቸውም፣ በዚያ ሁሉ ክርክር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሁሉም ጋር ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ ለቆመ ሰው ውሃው ሠላሳም ሆነ አሥራ ሦስት ያው መጀመሪያ ነው። እኔ ግን ነገር ቀስቅሻለሁና በጉን ከፈልኩ። ጥሩ በግ ነበር፤ ሁሉም በላ። ለእኔም ከጎኑ አካፈሉኝ፣ በላሁ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሱቄን እየዘጋሁ በባጃጅ ወደ መንደሩ እሄዳለሁ። ጀሪካን ተሸክሜ ከሞተሩ አፍ እስከ እትዬ ብርቄ ማሳ እመላለሳለሁ። አህያ ልከራይ ብዬ ነበር፤ አህያ ያለው ሁሉ የራሱን ሽንኩርት ሊያድን አህያውን ይዟል፣ ነገር ግን ውሃ ይደርሰዋል እኮ፣ ተራ አለው! መንገዱ ረጅም ነው፣ አንዱ ምልልስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ትከሻዬም እንደ ሞተሩ ጉልበት ከነበረው ቆይቷል። አንድ ቀን ደክሞኝ ከቦዩ ዳር ተቀምጬ የራሴን ፍሰት አሰላሁት። በአሜሪካው ጋሎን በደቂቃ የጋሎን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞላም። በእንግሊዙ ከዚያም አንሳለሁ። ጀርባዬ ላይ ብረት ቢለጠፍብኝ የሚጻፍበት ይህ ነው፤ ቢያንስ የኔ እውነት ነው።

እትዬ ብርቄ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ በተሻለኝ። ከማሳው መሐል ጥቂት መደብ መርጣ «እነዚህን ብቻ እናድን፤ ሌላውን አትየው» አለችኝ። ሌላው ጫፉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እኔ ጀሪካኑን ሳዘነብል እሷ ውሃው አንድ ቦታ እንዳይፈስ በእጇ መዳፍ እየተቀበለች ለየሥሩ ታጠጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀና ሳትል፣ «አንተ ነህ ሠላሳ ያልከው ብዬ እኮ ነው የተከልኩ» አለች። ክስ አልነበረም፤ እንደው አስታውሳ ነው የተናገረችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ትናንት ነው። ሁለተኛውን ጀሪካን ተሸክሜ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ወደ ማሳዋ ስደርስ አያ ይማም ዱላቸውን ተደግፈው ከቦዩ ጫፍ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እሱ ውሃ የማን ነው?» አሉኝ።

«ለእትዬ ብርቄ ነው።»

«ተራዋ ነው ዛሬ?»

«አይደለም፣ አያ ይማም። ግን ሽንኩርቱ እየሞተ ነው።»

«ሐቅ ነው፣ እየሞተ ነው» አሉ፤ ከልባቸው አዝነዋል። «ግን ያለተራ የተቀዳ ውሃ ከባለመሬቱ ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ሥርዓቱ ነው። ለሰው ሁሉ ያልኩትን ለአንተ እህት ልተው?»

«ከየትኛው ድርሻ? ድርሻዋ መቼ መጣ?»

«በሰከንድ አንድ ሊትር አላት። ሽማግሌ ያየው፣ አንተም ራስህ የቆረጥከው። አሁን ደግሞ የላትም ልትል ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ጀሪካኑ ከትከሻዬ ሊንሸራተት ሲል እትዬ ብርቄ ከመደቧ ተነስታ መጣች፤ ከሥሩ በሁለት እጇ ደገፈችው።

«ይቀንሱት፣ አያ ይማም፣ ግዴለም» አለች። «ከማይመጣው ላይ ነው የሚቀንሱት።» ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አንተ ይቺን አታፍስሳት» አለችኝ።